ተንቀሳቃሽ የመገናኛ ሬዲዮ ከመግዛት በፊት ምን ከምን ይነጻጸራል?

በተለምዶ ዎኪ ቶኪ የሚባሉት ተንቀሳቃሽ የመገናኛ ሬዲዮዎች በካርቶናቸው ላይ ሦስት ቁጥሮችን በጉልህ አትመው ለገበያ ይቀርባሉ፦ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚደርሱ፣ ስንት ቻናል እንዳላቸውና በስንት ዋት ኃይል እንደሚያሰራጩ። ሁለት ሬዲዮዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያማርጥ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በእነዚህ ላይ በመሆኑ፣ ቁጥሩ ከፍ ያለውን መርጦ መሄዱ አያስገርምም። ይሁን እንጂ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ከሬዲዮው ይልቅ የተለካበትን ቦታ ይገልጻል፤ የቻናሉ ቁጥር ብዙ ጊዜ በማባዛት የተገኘ ነው፤ ዋቱ ሲጨምር የሚገኘው ጥቅምም ከሚጠበቀው በእጅጉ ያነሰ ነው። ሬዲዮው ሥራ ላይ ሲውል መሰማቱንና አለመሰማቱን የሚወስኑት ነገሮች በአብዛኛው በመመሪያው የመጨረሻ ገጾች ላይ በደቃቅ ፊደል የሚታተሙት ናቸው፤ ይህ ማብራሪያም የሚያተኩረው በእነሱ ላይ ነው።

መሣሪያው ከሞባይል ስልክ በምን ይለያል?

ሞባይል ስልክ ድምፅን በቀጥታ ወደ ሌላ ስልክ አይልክም፤ በአቅራቢያው ወዳለ የኔትወርክ ማማ ይልካል፣ የቀረውን መንገድ የሚሸፍነው የአገልግሎት ሰጪው መስመር ነው። የመገናኛ ሬዲዮ ግን ከአንዱ አንቴና ወደ ሌላው አንቴና በቀጥታ ያሰራጫል። በዚህም ምክንያት ኔትወርክ በሌለበት ወይም በተቋረጠበት ቦታ ይሠራል፣ ለንግግሩም ሂሳብ አይቆጥርም፤ በአንድ ቻናል ላይ ያሉት ሁሉ ደግሞ አንዱን ተናጋሪ በአንድ ጊዜ ይሰሙታል። ሬዲዮው በአንድ ጊዜ ወይ ይልካል ወይ ይቀበላል እንጂ ሁለቱን አብሮ አያደርግም። የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ የያዘ ሰው ቁልፉን እስኪለቅ ድረስ የሌላውን ድምፅ ሊሰማ አይችልም፤ በዚያው ቅጽበት ሌላ ሰው ቢናገርም የሁለቱ ንግግር ይጋጫል።

በካርቶኑ ላይ የታተመው ኪሎ ሜትር ከየት መጣ?

የእጅ ሬዲዮዎች የሚጠቀሙባቸው ሞገዶች በአብዛኛው በቀጥታ መስመር ይጓዛሉ፤ የመሬትን ክብነት ተከትለው ርቀው አይታጠፉም። ስለዚህ ማንኛውም የእጅ ሬዲዮ፣ ዋጋው ምንም ይሁን ምን፣ አድማስ የሚባል ገደብ አለበት። ገደቡን ለማስላት ቀላል ቀመር አለ፦ አንቴናው ከመሬት ያለው ከፍታ በሜትር ይለካል፣ የዚህ ቁጥር ስኩዌር ሩት በ4.12 ይባዛል፣ ውጤቱም ለዚያ ወገን የሬዲዮ አድማሱን በኪሎ ሜትር ይሰጣል። የሁለቱ ወገኖች ውጤት ሲደመር ሊገናኙበት የሚችሉት ርቀት ጣሪያ ይታወቃል።

ቀመሩን በምሳሌ እንየው። ሁለት ሰዎች ሬዲዮዎቻቸውን 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ይዘው ፍጹም ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ቢቆሙ፣ የእያንዳንዳቸው አድማስ 5 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሁለቱ ድምር ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንደኛው 100 ሜትር ከፍታ ባለው ኮረብታ ላይ ቢወጣ ድምሩ ወደ 46 ኪሎ ሜትር ያድጋል። በብዙ ካርቶኖች ላይ የሚታየው 56 ኪሎ ሜትር የሚባለው ቁጥርም ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ሰው 150 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ሌላው ከታች ሜዳው ላይ ቆመው፣ በመካከላቸው ዛፍም ሆነ ቤት ከሌለ የሂሳቡ ጣሪያ እዚያ ይደርሳል። አምራቹ ዋሸ ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ገዢው ሬዲዮውን በእንዲህ ያለ ቦታ የሚጠቀምበት አጋጣሚ ከስንት አንዴ ነው።

መሬት ላይ ባለው እውነታ ርቀቱን የሚቀንሱት በመካከል ያሉት ነገሮች ናቸው። በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት፣ የሊፍት ጉድጓድ፣ የቆርቆሮ መጋዘን፣ በዝናብ የራሰ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል፣ እያንዳንዳቸው ከምልክቱ ላይ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። ሕንፃ በበዛበት ከተማ መሬት ላይ ቆመው በሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች መካከል 1 ወይም 2 ኪሎ ሜትር ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ምድር ቤት ውስጥ ደግሞ ጥቂት መቶ ሜትሮችም ሊያስቸግሩ ይችላሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር በእጅ የሚያዝ ኤስሲአር-536 የተባለ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ሬዲዮ ይጠቀም ነበር፤ በየብስ ላይ የሚደርሰው ወደ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በእጅጉ ቀልሏል፣ ድምፁም ጠርቷል፤ ኮረብታውና ግድግዳው ግን ባሉበት ናቸው።

ከዚህ የሚወጣው የመግዣ ምክር አጭር ነው፤ ሁለት ሬዲዮዎች ሲነጻጸሩ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ከነጭራሹ መተው ይሻላል።

ዋቱ የበዛው አይሻልም?

ዋት ሬዲዮው በአንቴናው በኩል የሚለቀውን ኃይል ይለካል። የእጅ ሬዲዮዎች አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ዋት እስከ 5 ዋት ያሰራጫሉ። እንቅፋት በሌለበት ባዶ ቦታ ርቀትን በእጥፍ ለማሳደግ ኃይልን በ4 ማባዛት ያስፈልጋል። ሁለቱም ሰዎች መሬት ላይ ሲቆሙ፣ ከመሬት ነጥሮ የሚመጣው ሞገድ በቀጥታ የመጣውን ስለሚያዳክመው፣ ሂሳቡ ይከብድና ርቀቱን በእጥፍ ለማሳደግ እስከ 16 እጥፍ ኃይል ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ስሌት ከግማሽ ዋት ወደ 5 ዋት መሄድ፣ ማለትም ኃይሉን 10 ጊዜ ማሳደግ፣ ርቀቱን በእጥፍ እንኳ ላያሳድግ ይችላል። በ4 ዋትና በ5 ዋት መካከል ያለውን ልዩነት ደግሞ ጆሮ አይለየውም።

ተጨማሪ ዋት የሚጠቅምበት ቦታ መኖሩ አይካድም። ጥቂት ግድግዳዎችን ማለፍ በሚያስፈልግበት ሕንፃ ውስጥ 5 ዋት ከግማሽ ዋት ይልቅ ድምፁን ከሹክሹክታና ከጩኸት ነጻ አድርጎ ያደርሰዋል። ነገር ግን ባለ 5 ዋት ሬዲዮ ሲያሰራጭ ከባትሪው የሚወስደው ኃይል የዚህን ሁለት እጥፍ ያህል በመሆኑ ጥቅሙ በባትሪ ዕድሜ ይከፈላል። ስለዚህ ኃይሉን ዝቅና ከፍ ማድረግ የሚያስችል ሬዲዮ ከአንድ ቋሚ ከፍተኛ ኃይል ካለው ይመረጣል።

ቪኤችኤፍ ወይስ ዩኤችኤፍ?

በእኔ ግምት ከሁሉም ይልቅ ገዢው ጊዜ ወስዶ ሊያስብበት የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሌላው ነገር ሁሉ ቢሟላ እንኳ ለቦታው የማይስማማ የሞገድ ክልል የተመረጠ እንደሆነ የሚስተካከልበት መንገድ የለም። ፍሪኩዌንሲ ማለት ሞገዱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚገልጽ ልኬት ሲሆን፣ መለኪያው ኸርዝ ነው። የእጅ ሬዲዮዎች በብዛት የሚሠሩት በሁለት ክልሎች ነው፤ ቪኤችኤፍ በሚባለው ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ፣ እና ዩኤችኤፍ በሚባለው ከ400 እስከ 470 ወይም 520 ሜጋኸርዝ ባለው።

በ150 ሜጋኸርዝ የአንድ ሞገድ ርዝመት 2 ሜትር ነው፤ በ450 ሜጋኸርዝ ግን 67 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ረጅሙ ሞገድ በገላጣ መሬት፣ በወጣ ገባ አቀማመጥና በዛፍ መካከል የተሻለ ይሄዳል። አጭሩ ሞገድ ደግሞ በበር፣ በመስኮትና በኮሪደር ክፍተቶች ሾልኮ የመግባት አቅሙ የላቀ ስለሆነ በሕንፃ ውስጥ ይመረጣል፤ ከኤሌክትሪክ ሞተሮችና ከመሣሪያዎች በሚነሣ ጫጫታም ያነሰ ይረበሻል። ለእርሻ፣ ለደንና ለገላጣ ሜዳ ቪኤችኤፍ፣ ለሆቴል፣ ለሆስፒታል፣ ለፋብሪካና ለግንባታ ቦታ ዩኤችኤፍ የሚባለው የተለመደ ምክር መነሻው ይኸው ነው።

ምክሩ ብዙ ጊዜ የሚዘለው አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱም አንቴናው ነው። አንቴና በደንብ እንዲሠራ ርዝመቱ ቢያንስ የሞገዱን ሩብ ያህል ቢሆን ይመረጣል። የዩኤችኤፍ ሩብ ሞገድ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በእጅ ሬዲዮ ላይ ያለችግር ይቆማል፤ የቪኤችኤፍ ሩብ ሞገድ ግን ግማሽ ሜትር ነው። አምራቾች ይህንን ሽቦ ጠቅልለው በ15 ሴንቲ ሜትር የጎማ ሽፋን ውስጥ ስለሚያስገቡት ከሚለቀቀው ኃይል ከፊሉ በከንቱ ይባክናል። ስለዚህ አጭር አንቴና ያለው የቪኤችኤፍ ሬዲዮ በገላጣ ቦታ ላይ ሊኖረው የሚገባውን ብልጫ ከአንቴናው ማጠር የተነሣ ሊያጣው ይችላል። ሁለት የቪኤችኤፍ ሬዲዮዎች ሲነጻጸሩ ረዘም ያለ አንቴና መቀበል የሚችለው፣ በሌላው በኩል በዋት ቢያንስ እንኳ፣ ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሰማል። አንቴናውን መቀየር የተከለከለባቸው ሬዲዮዎች መኖራቸውን ግን የሚቀጥለው ክፍል ያሳያል።

ያለ ፈቃድ መጠቀም ይቻላል?

የሬዲዮ ሞገድ የጋራ ሀብት ስለሆነ በየአገሩ የሚያስተዳድረው የመንግሥት አካል አለ፤ ማን በየትኛው ፍሪኩዌንሲ፣ በስንት ዋት፣ በምን ዓይነት አንቴና እንደሚያሰራጭም ይወስናል። ደንቡ ከአገር አገር ይለያያል። በአውሮፓ ፒኤምአር446 የሚባለው ምድብ በ446 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ በግማሽ ዋትና በማይነቀል አንቴና፣ ያለ ግል ፈቃድ ይፈቀዳል። በአሜሪካ ኤፍአርኤስ የሚባለው ምድብ በ462 እና በ467 ሜጋኸርዝ አካባቢ 22 ቻናሎች ሲኖሩት፣ እንደ ቻናሉ እስከ ግማሽ ዋት ወይም እስከ 2 ዋት ያስችላል፤ በዚህም አንቴናው አይነቀልም። አውስትራሊያ ደግሞ በ477 ሜጋኸርዝ አካባቢ 80 ቻናሎችን እስከ 5 ዋት ክፍት አድርጋለች። እነዚህ ምድቦች እርስ በርስ አይተካኩም፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የኤፍአርኤስ ሬዲዮ አውሮፓ ውስጥ ቢበራ ለሌሎች ተጠቃሚዎች በተመደበ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያርፋል።

ከዚህ ሌላ የፈቃድ ሬዲዮዎች አሉ። ድርጅቶች ከተቆጣጣሪው አካል የራሳቸውን ፍሪኩዌንሲ ተቀብለው የሚሠሩባቸው የንግድ ሬዲዮዎች አንድ ወገን ናቸው፤ ፈተና ያለፉ ሰዎች ለትምህርትና ለግል ሙከራ የሚጠቀሙባቸው የአማተር ሬዲዮዎች ሌላው ወገን ናቸው። የአማተር ሬዲዮ ለድርጅት ሥራ አይፈቀድም። ስሙ በስፋት የሚታወቀው ባኦፌንግ ዩቪ-5አር ዓይነት ሬዲዮ ከ136 እስከ 174 እና ከ400 እስከ 520 ሜጋኸርዝ ድረስ በቁልፍ በሚገባ ቁጥር ማሰራጨት ይችላል። በዚህ ሰፊ ክልል ውስጥ የባሕር ጉዞ የድንገተኛ ጥሪ ፍሪኩዌንሲ የሆነው 156.8 ሜጋኸርዝ ይገኛል፤ በብዙ አገሮች የፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች መስመሮችም እንዲሁ። መሣሪያው ስለቻለ ደንቡ ፈቀደ ማለት አይደለም፤ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄም ሬዲዮው በሚውልበት አገር በየትኛው ምድብ የተፈቀደ እንደሆነ ነው። ሻጩ ይህንን በጽሑፍ መመለስ ካልቻለ ሌላ ሻጭ መፈለግ ይበጃል።

በሺዎች የሚቆጠር ቻናል ሲባል ምን ማለት ነው?

22 ቻናል ያለው ሬዲዮ ካርቶኑ ላይ 2,662 ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። ቁጥሩ የተገኘው 22 በ121 ተባዝቶ ነው፤ 121 ደግሞ የግላዊነት ኮድ የሚባሉት ብዛት ነው። እነዚህ ኮዶች በተናጋሪው ድምፅ ሥር ለጆሮ እንዳይሰማ ተደርጎ የሚላክ ቀጭን የድምፅ ቃና ወይም የዲጂታል ምልክት ናቸው፤ የቃናዎቹ መደበኛ ክልል ከ67 ኸርዝ ጀምሮ እስከ 254.1 ኸርዝ ይዘልቃል። ተቀባዩ ሬዲዮ የተስማማበትን ኮድ ካላገኘ ድምፅ ማጉያውን ዝም ያሰኛል፣ ካገኘ ይከፍታል።

ኮዱ የሚያደርገው ይህን ብቻ ነው። ሰው በሞላበት አዳራሽ ውስጥ ጆሮን በጥጥ እንደመድፈን ነው፤ የሌሎችን ጫጫታ ያስቀራል እንጂ የራስን ንግግር ከሌሎች አይደብቅም። ኮዱን ያጠፋ ማንኛውም ሬዲዮ በዚያው ቻናል ላይ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በአንድ ቻናል ላይ የተለያየ ኮድ የያዙ ሁለት ቡድኖች አንዱ የሌላውን መኖር ሳያውቁ መጋጨታቸው ነው። እነዚህ ሬዲዮዎች በሚጠቀሙበት የኤፍኤም አሠራር ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢያሰራጩ ብርቱው ምልክት ደካማውን ይውጠዋል፤ ደካማው ወገን ቻናሉ ጸጥ ብሏል ብሎ ሲናገር ድምፁ ይጠፋል፣ ምክንያቱንም አያውቅም። ቻናል ሲነጻጸር እንግዲህ የሚቆጠረው ትክክለኛው የፍሪኩዌንሲ ብዛት ነው። ለአንድ የሥራ ቡድን ከ2 እስከ 4 ቻናል ይበቃል።

አናሎግ ወይስ ዲጂታል?

አናሎግ ሬዲዮ ድምፁን እንዳለ በሞገዱ ላይ ያሳርፋል፤ ዲጂታል ሬዲዮ መጀመሪያ ድምፁን ወደ ቁጥር ቀይሮ ቁጥሩን ይልካል። ልዩነቱ የሚታየው ርቀት ሲጨምር ነው። የአናሎግ ድምፅ ቀስ በቀስ ሹሹታ እየበዛበት ይሄዳል፣ ያም ሆኖ ልምድ ያለው ጆሮ ቃላቱን እስከ መጨረሻው ይለያቸዋል። የዲጂታል ድምፅ እስከ ገደቡ አካባቢ ጥርት ብሎ ይቆይና ገደቡን ሲያልፍ ይቆራረጣል፣ ወዲያው ደግሞ ጭራሹን ይጠፋል። ከሩቅ የሚመጣን የመጨረሻ ጥሪ መስማት ለሚያስፈልገው ሰው አናሎግ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ በሥራ ቦታው ክልል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ንጹሕ ድምፅ ለሚፈልግ ዲጂታል ያሳርፋል።

ከዲጂታል ስልቶች በስፋት የተለመደው ዲኤምአር ሲሆን፣ መሥፈርቱን የአውሮፓ የቴሌኮሙኒኬሽን ደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2005 አውጥቶታል። ዲኤምአር 12.5 ኪሎኸርዝ ስፋት ያለውን አንድ ቻናል በ30 ሚሊሰከንድ ተራ ለሁለት ንግግር ያካፍለዋል። አንድ ሬዲዮ የሚያሰራጨው በራሱ ተራ ብቻ፣ ማለትም ከጊዜው በግማሹ በመሆኑ፣ በተመሳሳይ ባትሪ ከአናሎጉ የረዘመ ጊዜ ይቆያል። ነገር ግን ዲጂታል የሚለው ቃል ብቻውን መግባባትን አያረጋግጥም፤ ዲኤምአር፣ ኤንኤክስዲኤን፣ ቴትራና ሌሎቹም እርስ በርስ አይነጋገሩም። በእጁ አሮጌ አናሎግ ሬዲዮዎች ያሉት ሰው ሁለቱንም ስልት የሚሠራ ሬዲዮ ቢገዛ ሽግግሩ ይቀልለታል። በአናሎጎቹ መካከልም ቢሆን የቻናል ስፋት መመሳሰል አለበት፤ አንዱ በ25 ኪሎኸርዝ ሌላው በ12.5 ኪሎኸርዝ ከተሞላ፣ ድምፁ በአንዱ ወገን ደክሞ በሌላው ተፍረክርኮ ይሰማል።

ምስጢርን በተመለከተ፣ ዲጂታል መሆን በራሱ ምስጠራ፣ ማለትም ንግግሩን ሌላ ሰው እንዳይረዳው አድርጎ መቀየር፣ አይደለም። ምስጠራ የሚፈልግ ገዢ የትኛው ስልት እንደሆነ በስሙ ጠይቆ ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ ባለ256 ቢት ኤኢኤስ የተባለው የምስጠራ ስልት ጠንካራ ሲሆን፣ በርካሽ ሬዲዮዎች ላይ የሚገኘው መሠረታዊ የምስጠራ ቁልፍ ግን ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሚድናይት ብሉ የተባለ የኔዘርላንድስ ቡድን፣ ቲኢኤ1 የሚባለው የቴትራ ምስጠራ ባለ80 ቢት ተብሎ ሲነገርለት የኖረው ቁልፉ በውስጥ ወደ 32 ቢት እንደሚያጥር ይፋ አድርጓል።

ወረቀት ላይ አንድ የሆኑ ሁለት ሬዲዮዎች ለምን እኩል አይሰሙም?

በዋት፣ በቻናልና በባትሪ እኩል የሆኑ ሁለት ሬዲዮዎች የዋጋ ልዩነታቸው አሥር እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ያለው በተቀባዩ ክፍል ነው። በመግለጫው ላይ ሁለት መስመሮችን መፈለግ ያስፈልጋል። አንደኛው የመስማት ስሜታዊነት ነው፤ ለምሳሌ 0.25 ማይክሮቮልት በ12 ዴሲቤል ሲናድ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ሲናድ የንግግሩና የጫጫታው ንጽጽር ነው። ይህም ንግግሩ ከጫጫታው ተለይቶ እንዲሰማ የሚበቃውን ትንሹን ምልክት ይናገራል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ይሁንና በዚህ ረገድ ርካሹም ውዱም ተቀራራቢ ናቸው።

እውነተኛው ልዩነት ያለው በሁለተኛው መስመር፣ ከጎን ያለን ቻናል ለይቶ በመተው አቅም ላይ ነው፤ የሚለካውም በዴሲቤል ነው። 60 ዴሲቤል ካለው ይልቅ 70 ዴሲቤል ያለው ሬዲዮ በ10 እጥፍ የበረታ የጎን ምልክትን ይቋቋማል። ሙሉ ተቀባያቸው በአንዲት ቺፕ ላይ የተሠራ ሬዲዮዎች ምንም በሌለበት ገጠር ከውዶቹ እኩል ይሰማሉ፤ የብሮድካስት ማማ፣ የታክሲ ሬዲዮና ሌላ ብርቱ አሰራጭ ባለበት ከተማ ሲገቡ ግን ይደነዝዛሉ፤ አጠገብ ያለ ጓደኛ ሲጠራ ጩኸት ብቻ ይወጣቸዋል። እዚህ ላይ ዋትን ማሳደግ የሚረዳው ነገር የለም፤ የታመመው አፍ ሳይሆን ጆሮ ነውና። ይህን መስመር ጭራሹን የማይጽፍ መግለጫ በራሱ አንድ መረጃ ነው።

የባትሪው ቁጥር እንዴት ይነበባል?

ባትሪ ላይ በጉልህ የሚታተመው ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፤ ብቻውን ግን አሳሳች ነው። 7.4 ቮልትና 1,800 ሚሊአምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ 13.3 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ 3.7 ቮልትና 3,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ያለው ደግሞ ቁጥሩ ቢበልጥም የሚይዘው 11.1 ዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ ቮልቱን ከአምፒር ሰዓቱ ጋር አባዝቶ ማነጻጸር ይገባል።

ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል የሚለውም ቁጥር የራሱ ግምት አለው። አምራቾች በተለምዶ የሚያሰሉት ሬዲዮው ከጊዜው 5 በመቶ እየተናገረ፣ 5 በመቶ እየሰማ፣ 90 በመቶ በዝምታ እየጠበቀ ነው። ብዙ የሚያወራ ቡድን በዚህ ስሌት 12 ሰዓት የተባለለትን ባትሪ ከፈረቃው ማብቂያ አስቀድሞ ይጨርሰዋል። ብርድም አቅሙን ይቀንሳል። ተነቃይ ባትሪ ያለው ሬዲዮ በመሆኑም ቀድሞ ይመረጣል፤ ተጨማሪ ባትሪው ለብቻው የሚሸጥና ከጥቂት ዓመት በኋላም የሚገኝ ከሆነ።

ውኃ፣ አቧራና መውደቅ

አይፒ ከሚለው ምልክት ቀጥሎ የሚመጡት ሁለት አኃዞች የመጀመሪያው ለጠጣር ነገርና ለአቧራ፣ ሁለተኛው ለውኃ ነው። አይፒ54 ርጭትን ይችላል፤ አይፒ67 በ1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆያል። ጥበቃው የሚጸናው የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ክዳን ሲገጠም ብቻ ነው። ተቀጣጣይ ጋዝ ወይም አቧራ ባለበት ቦታ ግን ይህ ሁሉ በቂ አይደለም፤ ለዚያ ቦታ ተብሎ የተመሰከረለት፣ ብልጭታ የማያስነሣ ሬዲዮ ግዴታ ነው፤ ባትሪውም ከዚያው ምስክርነት ጋር የመጣው መሆን አለበት።

ከአድማስ ማዶ መነጋገር የሚፈልግስ?

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ሪፒተር ነው፤ ከፍ ባለ ቦታ ተተክሎ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን በሌላ ፍሪኩዌንሲ በብርቱ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ። ለዚህ ሬዲዮው የመላኪያና የመቀበያ ፍሪኩዌንሲውን ለያይቶ መያዝ መቻል አለበት፤ ከፈቃድ ነጻ የሆኑት አብዛኞቹ ይህን አይችሉም። ሁለተኛው በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራው ባለሲም ሬዲዮ ነው። ኔትወርክ ባለበት ሁሉ ርቀት ገደብ የለውም፤ ነገር ግን ወርኃዊ ክፍያ ይጠይቃል፣ ኔትወርኩ ሲቋረጥም አብሮ ይቋረጣል። ቅርጹ ዎኪ ቶኪ ስለሚመስል ለድንገተኛ አደጋ ብሎ የሚገዛው ሰው ብዙ ነው፤ ለዚያ ዓላማ ግን ከሁሉም ይልቅ የማይመጥነው እሱ ነው።

ከመወሰን በፊት እንዴት ይሞከራል?

ብዙ ሬዲዮ የሚገዛ ድርጅት በቅድሚያ ሁለት ብቻ ተውሶ ወይም ገዝቶ በሥራ ቦታው መሞከሩ ከማንኛውም የመግለጫ ንጽጽር ይበልጣል። አንዱ ሰው በአንድ ቦታ ይቆማል፤ ሌላው መገናኘት አስቸጋሪ ወደሆኑት ቦታዎች፣ ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ፣ ወደ መጋዘኑ መጨረሻ፣ ወደ ጀኔሬተሩ ክፍል ይሄዳል። ቁልፉን ተጭኖ ግማሽ ሰከንድ ያህል ከጠበቀ በኋላ፣ ሬዲዮውን ከአፉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አርቆ፣ ከ1 እስከ 10 ይቆጥራል፤ ቆሞ የሚያዳምጠው የጠፉትን ቁጥሮች ይመዘግባል። ቁልፉን እንደተጫኑ ወዲያው መናገር የመጀመሪያውን ቃል ያስቆርጣል፤ በዲጂታልና በሪፒተር ላይ ደግሞ ይብሳል። በጀኔሬተሩ አጠገብ ሲሞከር ድምፅ ማጉያው ከጩኸቱ በላይ መሰማቱ ብቻ ሳይሆን ማይክሮፎኑ ጩኸቱን ምን ያህል አብሮ እንደሚልክም መታየት አለበት። አንዳንድ ዲጂታል ሬዲዮዎች በዙሪያቸው ያለውን ጫጫታ ከንግግሩ ጋር አደባልቀው ቃሉን እንዳይለይ ያደርጉታልና።

ቀጥሎ የመናገሪያውን ቁልፍ ጓንት አድርጎ መጫን፣ በጨለማ ቻናል መቀየር፣ የጆሮ ማዳመጫው ሶኬት በሌላ አምራች የተሠራውን መቀበል አለመቀበሉን ማየት ይገባል። ቻናሎቹን በኮምፒውተር ለመሙላት የሚያስፈልገው ገመድና ፕሮግራም ከሬዲዮው ጋር ይመጣ እንደሆነ ወይም ሻጩ በየጊዜው የሚያስከፍል እንደሆነም ከወዲሁ መጠየቅ ነው። በመጨረሻም ሙከራው ሬዲዮው በእጅ ቀጥ ብሎ ተይዞ ብቻ ሳይሆን በቀበቶ ላይ ተንጠልጥሎና በትከሻ ማይክሮፎን እየተነገረበት መደገም አለበት። የሰው አካል ምልክቱን ስለሚውጠው፣ በእጅ ተይዞ ሲሞከር በቂ የመሰለው ሬዲዮ በወገብ ላይ ሲሆን የምድር ቤቱን ደረጃ ላያልፍ ይችላል።